ከከሰል ክምር በታች ያለ ዋልካ

ከከሰል ቁፋሮ በታች ስላለ ማሳ ወሬ ሲነሣ ሁሉም ቀድሞ የሚጠይቀው ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነቱን መለኪያ ነው፤ 7 መካከለኛ ነው፣ ቁጥሩ ከዚያ በወረደ መጠን አሲዱ ይበረታል። ቁጥሩ 6.8 ከሆነ «ደህና ነው፣ ዝሩበት» ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል። በቀይ አፈር ላይ ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። በወሎ ደጋ ዋልካ፣ በጥቁሩ የሸክላ አፈር ላይ ግን ያታልላል፤ ዋልካ አሲድን ለዓመታት እየዋጠ ፊቱን ሳይለውጥ መቆየት የሚችል አፈር ነውና። ቁጥሩ ገና ሳይንቀሳቀስ በአፈሩ ውስጥ ያሉት ደቂቅ ዘአካላት ይለወጣሉ። እዚህ የማወራው በአብዛኛው ስለ እነሱ ነው፤ እንዴት እንደሚለወጡ፣ ያለ ትልቅ ላቦራቶሪ እንዴት እንደሚታዩ፣ አሲዱን ለመግደል የሚበተነው ኖራም ለምን ብዙ ጊዜ እንደሚከሽፍ።

መጀመሪያ ክምሩን መለየት ይገባል፤ ከጉድጓድ የወጣ ሁሉ መርዝ አይደለም። በደላንታ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘውን ኦፓል የተባለ የከበረ ድንጋይ ውሰዱ። ኦፓሉ ያለው በባዛልትና በሌሎች የእሳተ ገሞራ ንብርብሮች መካከል በተኛ ስስ የአመድ ድንጋይ ውስጥ ነው። ቆፋሪዎች ገደሉን እየሰረሰሩ ይገባሉ፤ ፍርስራሹ ወደ ቁልቁለቱ ይለቀቃል። ያ ፍርስራሽ በዋናነት ሲሊካና ሸክላ ስለሆነ እንደ ከሰል ክምር አሲድ ያመነጫል ብሎ መፍራት አያስፈልግም። ጉዳቱ ሌላ ነው፤ ለሙን የላይ አፈር ይቀብረዋል፣ ራሱ ደግሞ ካርቦኑ የመነመነ፣ ናይትሮጅን የሌለው፣ ሕይወት ያልገባበት ጥሬ አፈር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ኖራ መበተን ገንዘብ መበተን ነው። የሚያስፈልገው ፍግ፣ ሣርና ከብት ያልገባበት ሁለት ሦስት ክረምት ነው።

የድንጋይ ከሰሉ ይለያል። በውጫሌና በደላንታ በኩል ያለው ከሰል በባዛልት ፍሰቶች መካከል የተኛ ነው፤ ከሰል የሚሆነው ተክል ደግሞ የሚከማቸው በረግረግና በሐይቅ ዳር ነው። አየር በሌለው ረግረግ ውስጥ ብረትና ድኝ ተጣምረው ፓይራይት የሚባለውን ማዕድን ይሠራሉ። መጠኑ ከጉድጓድ ጉድጓድ፣ ከንብርብር ንብርብር ስለሚለያይ «የአገሩ ከሰል አሲድ አለው» ወይም «የለውም» ብሎ በጅምላ መናገር ዋጋ የለውም፤ የሚመረመረው እያንዳንዱ ክምር ነው። ከሰሉ ተጭኖ ይሄዳል። እዚያው የሚቀረው ከከሰሉ በላይና በታች የነበረው ጥቁር ግራጫ ሸክላና ደቃቁ ነው፤ ፓይራይት ካለ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ድርሻው የሚገኘው በዚሁ ቅሪት ውስጥ ነው።

ፓይራይት ከመሬት በታች ታፍኖ ሳለ ማንንም አይነካም። ወጥቶ አየርና ውኃ ሲያገኝ ብረቱ ይዝጋል፣ ድኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። ሒሳቡ የታወቀ ነው፤ 1 ኪሎ የፓይራይት ድኝ የሚያመነጨውን አሲድ ለመግደል 3.125 ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ኋላ እንመለስበታለን።

እዚህ ላይ ደቂቅ ዘአካላቱ ተጎጂ ብቻ እንዳልሆኑ ማየት ያስፈልጋል። በአሲድ ውኃ ውስጥ የሟሟ ብረት በኦክስጅን ብቻ ቢተው የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። አሲዲቲዮባሲለስ ፌሮኦክሲዳንስ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ከዚሁ ዝገት ጉልበት እያገኘ ይኖራል፤ ተመራማሪዎቹ ሲንገርና ስተም እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳዩት ሥራውን እስከ ሚሊዮን እጥፍ ያፋጥነዋል። የዛገው ብረት ተመልሶ ሌላ ፓይራይት ይበላል። በካሊፎርኒያው አይረን ማውንቴን ማዕድን ውስጥ የተለካው ውኃ ፒኤቹ ከዜሮ በታች፣ እስከ −3.6 ወርዷል። እንዲህ ያለ ነገር ተራ የከሰል ክምር ላይ አይጠበቅም፤ ክምሩ ራሱን እያፋጠነ እንደሚሄድ ግን ያሳያል። በተለይ ፒኤቹ ከ4 ከወረደ በኋላ ለማስቆም የሚወጣው ወጪ ከዚያ በፊት ከነበረው ጋር አይወዳደርም።

በዓይን የሚታየውን ምልክት ማንበብ አይከብድም። ከክምሩ ሥር በሚወጣው ውኃ መንገድ ላይ ብርቱካናማ ዝቃጭ፣ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የገለባ ቀለም ያለው ቢጫ ዱቄት፣ በበጋ ደግሞ በመሬቱ ፊት ላይ ሲቀመስ የሚኮማትር ነጭና ቢጫ ጨው። መቅመሱ ይቅር፣ ማየቱ ይበቃል። በኩሬው ላይ እንደ ናፍጣ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ካለ በእንጨት ነካ አድርጉት። እንደ መስታወት ተሰባብሮ ቁርጥራጩ እንደ ተለያየ ከቀረ የብረት ባክቴሪያ ሥራ ነው። ተመልሶ ከገጠመ ግን ዘይት ነው፤ ያ የማሽኑ ጣጣ ነው።

ክምሩ ወደፊት አሲድ ያመነጭ እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ ያለው ሰው 2.5 ግራም የተፈጨ ናሙና በ250 ሚሊ ሊትር 15 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አፍልቶ ፒኤቹን ይለካል፤ ከ4.5 በታች ከወረደ ክምሩ አሲድ አምጪ ነው። የፋርማሲው ቁስል ማጠቢያ ስስ ስለሆነ በዚህ ምትክ አይገባም። ላቦራቶሪ ለሌለው ትዕግሥት የሚጠይቅ ሌላ መንገድ አለ። ናሙናውን ከ1 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት በፕላስቲክ ሳህን ላይ ዘርጉ፣ ሳይጨቀይ እርጥብ አድርጋችሁ በጥላ 8 ሳምንት አቆዩት፣ በየሳምንቱ ፒኤቹን ለኩ። በ5 ጀምሮ ከ4 በታች ከወረደ ጥርጣሬ አይቀርም። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት አንድ ነው፤ ሳህኑ ይደርቅና ባክቴሪያው ሥራ ያቆማል፣ ሰውየውም «ንጹሕ ነው» ብሎ ይፈርማል።

ሁለት ዝናብ፣ ሁለት እጥበት

የወሎ ደጋ በልግም ክረምትም አለው። ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ ነገር ከክምር በታች ላለ ማሳ ሁለት መከራ ነው። በደረቁ ወራት ፓይራይቱ እየዛገ ያመረተው አሲድና ብረት በክምሩ ቆዳ ላይ ጨው ሆኖ ይደርቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያሟሟዋል። የወራቱን ድምር የሚያህል ብክለት በሁለትና በሦስት ጎርፍ ሊወርድ የሚችለው ለዚህ ነው። አንድ ዝናብ ባለበት አገር ይህ በዓመት አንዴ ይሆናል። እዚህ በየካቲትና በመጋቢት የበልጉ ይወርዳል፣ ከሚያዝያ በኋላ ባለው ክፍተት እንደገና ይደርቃል፣ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ይደገማል። የውኃ ናሙና በነሐሴ አጋማሽ የሚወስድ ሰው በክረምቱ ጎርፍ የቀጠነውን ለክቶ ይመለሳል። የሚለካው በበልጉና በክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ቀን ነው፤ ጠርሙሱ ከቀደመው ምሽት ታጥቦ መዘጋጀት አለበት።

ጎርፉ ዋልካ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? የዋልካ ሸክላ በቅንጣቶቹ ላይ ብዙ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዟል፤ በብዙ ቦታም ውስጡ ነጫጭ የኖራ ጠጠር አለ። አሲዱ ሲመጣ ሸክላው ካልሲየሙን እየለቀቀ አሲዱን ይቀበላል፣ ጠጠሩ ይሟሟል፣ ፒኤቹም ንቅንቅ አይልም። ይህ እስከ ጊዜው ነው። ክምችቱ ሲያልቅ ፒኤቹ ቀስ በቀስ አይወርድም፤ እንደ ደረጃ ይሰበራል። ከ5.5 በታች አሉሚኒየም ከሸክላው መፍታት ይጀምራል፣ የሥር ጫፍ ያደነድናል፣ ከብረቱ ጋር ሆኖ ፎስፈረሱን ይቆልፈዋል። ያኔ የተጨመረው ማዳበሪያ የት እንደገባ አይታወቅም።

ሌላው የዋልካ ጠባይ መሰንጠቁ ነው። በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ አየር ያጣል፤ በዛገው ብረት ላይ ተጣብቀው የነበሩትን አርሴኒክንና ከባድ ብረቶችን፣ በኦክስጅን ፈንታ በዛገው ብረት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ይፈቷቸዋል፤ በሰልፌት፣ ማለትም በድኙ ጨው የሚተነፍሱት ደግሞ መዳቡንና ዚንኩን ከድኝ ጋር መልሰው ያስሩታል። ጭቃው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው በእነዚህኞቹ ሥራ ነው። በጋ ሲመጣ መሬቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ይሰነጠቃል፣ አየር ይገባል፣ የታሰረው እንደገና ይዝጋል። ስለዚህ ያው ማሳ በነሐሴና በጥር የተለያየ መልስ ቢሰጥ የላቦራቶሪው ስሕተት ላይሆን ይችላል። ናሙና የተወሰደበት ወር ያልተጻፈበት ውጤት ለእኔ ግማሽ ውጤት ነው።

ስለ ከባድ ብረቶች (መዳብ፣ ዚንክ፣ እርሳስና መሰሎቻቸው) ደግሞ ጠቅላላ መጠን ከሚያስቡት ያነሰ ይናገራል። የወሎ አፈር ከባዛልት የመጣ ስለሆነ ኒኬል፣ ክሮሚየምና መዳብ ማንም ሳይበክለው በተፈጥሮው ይዟል። ከሌላ አገር የተቀዳ የወሰን ቁጥር ይዞ መጥቶ «ከልክ አልፏል» ማለት ብዙ ጊዜ ባዛልቱን መክሰስ ነው። መለኪያው ጎርፉ የማይደርሰው፣ ያው ዓይነት አፈር ያለው፣ ከክምሩ በላይ ያለ ማሳ ነው። ለተክልና ለባክቴሪያ የሚቆጠረውም የሚሟሟው ክፍል ነው። እርሳስና መዳብ ፒኤቹ 5 አካባቢ ሳለ እንኳ በአፈሩ ላይ በብዛት ይያዛሉ። ዚንክና ካድሚየም ለመያዝ 6.5ና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ አሲድ ሲመጣ ቀድመው የሚለቀቁት እነሱ ናቸው። አርሴኒክ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ፒኤቹ ወደ 8 ሲወጣ ይለቀቃል። አርሴኒክ ባለበት ኖራን ያለ ልክ መጨመር እንግዲህ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት ነው።

ማን ቀድሞ ይሞታል

ብዙ ሰው የሚጠብቀው የተበከለ አፈር «ባዶ» እንደሚሆን ነው። አይሆንም። የባክቴሪያው ቁጥር ለጊዜው ይወርድና ብረትን የሚችሉት ቦታውን ይይዛሉ፤ በመጠን ሲታይ አፈሩ ያገገመ ይመስላል። የሚጠፋው ሙያ ነው። ገለባ የሚበላ ባክቴሪያና ፈንገስ ብዙ ዓይነት ስለሆነ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል። አሞኒየምን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ግን ጥቂት ወገን ናቸው፣ በዝግታ ይራባሉ፣ ብረትንም አሲድንም አይችሉም። እነሱ ሲዳከሙ ከዩሪያው የመጣው አሞኒየም ሳይቀየር ይከማቻል፤ ከፊሉም ፒኤቹ ከፍ ባለበት ማሳ ላይ በአሞኒያ ጋዝ መልክ ይጠፋል። የአሞኒየሙና የናይትሬቱ ምጣኔ ከጎርፉ ነፃ ካለው ማሳ በጣም ከራቀ ፒኤቹ 7 ቢሆንም ጥርጣሬ መያዝ ይገባል።

ከእነሱ ቀጥሎ፣ ለወሎ ገበሬ ግን ከሁሉ በላይ፣ ራይዞቢየም ነው፤ በባቄላና በምስር ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ። በእንግሊዝ ዎበርን በተባለው የሙከራ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1961 ብረት ያለበት የፍሳሽ ዝቃጭ በማሳ ላይ ተጨመረ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚያ መሬት የተዘራው ነጭ ክሎቨር፣ የባቄላ ወገን የሆነ የመኖ ተክል፣ ናይትሮጅን መያዝ አቅቶት ቢጫ ሆነ። ባክቴሪያው ከአፈሩ ጨርሶ አልጠፋም፤ ሥሩ ላይ እባጭ የሚሠራ ነገር ግን ናይትሮጅን የማይሰጥ ዓይነት ነበር የተረፈው። ያ ባክቴሪያ ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም ይባላል። ባቄላውን፣ ምስሩንና አተሩን የሚያገለግለውም የዚሁ ዝርያ ወገን ነው። የደላንታ ምስር በዋልካ ላይ ያለ ዩሪያ የሚበቅለው በእሱ ነው። ገበሬው «ዘንድሮ ባቄላው ቢጫ መታው» ሲል በሽታ ከመፈለግ በፊት ሥሩን ማየት ያዋጣል።

የአፈር እስትንፋስ፣ ማለትም የሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን፣ ለብቻው ሲለካ ያታልላል። የተጨነቁ ባክቴሪያዎች ጉልበታቸውን ብረት ከውስጣቸው ለማስወጣት ስለሚያውሉት ከቁጥራቸው በላይ ይተነፍሳሉ፤ አፈሩም ሕያው ይመስላል። ትርጉም ያለው እስትንፋሱ ለሕያው ክብደታቸው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ እሱ ከፍ ካለ ጭንቀት አለ። ሌላም ወጥመድ አለ፤ በርች የተባለው ተመራማሪ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኬንያ እንዳሳየው፣ የደረቀ አፈር ዝናብ ሲነካው ለጥቂት ቀናት እስትንፋሱ ይፈነዳል። በበልጉ የመጀመሪያ ሳምንት የተለካ ቁጥር ዝናቡን ይናገራል፤ ስለ ብክለቱ አይናገርም።

መሣሪያው ያለው ሰው እንዲህ ያድርግ፤ 50 ግራም እርጥብ አፈር በ1 ሊትር ክዳን ባለው ማሰሮ፣ ውስጡ በትንሽ ብርጭቆ 20 ሚሊ ሊትር 0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አፈር የሌለበት አንድ ባዶ ማሰሮም በዚያው አኳኋን። ከ7 ቀን በኋላ ባሪየም ክሎራይድ ተጨምሮ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይለካል። ባዶው ከወሰደው የአሲድ ሚሊ ሊትር ላይ ናሙናው የወሰደው ተቀንሶ፣ በአሲዱ ሞላሪቲ ተባዝቶ፣ በ6 ሲባዛ የወጣውን ካርቦን በሚሊ ግራም ይሰጣል። ክዳኑ አየር ካሳለፈ ባዶው ማሰሮ ራሱ ያጋልጣል።

ሥርና አቡጀዲ

ለገበሬና ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ የምመክረው ሁለት ፈተና ነው፤ አንዱ ምንም አያስወጣም።

ባቄላው ማበብ ሲጀምር፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ፣ ከማሳው 10 ተክል ውሰዱ። አትንቀሉ፤ ሲነቀል እባጮቹ ከዋልካው ጋር ይቀራሉ። በአካፋ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ከነአፈሩ አውጡና በባልዲ ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ጭቃው ራሱ ይለቃል። ከዚያ እባጮቹን በምላጭ ለሁለት ክፈሉ። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው፤ ቀለሙ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር ዝምድና ካለው ነገር የሚመጣ ነው። ነጭ ከሆነ አልጀመረም ወይም አይሠራም፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ አርጅቷል። እባጭ በብዛት እያለ ውስጡ ነጭ መሆኑ የዎበርንን ዓይነት ነገር ያስጠረጥራል። ከላይ ባለው ንጹሕ ማሳ ላይም 10 ተክል ማየት ግዴታ ነው፤ ዩሪያ የበዛበት ወይም ውኃ የቆመበት ማሳ ያለ ምንም ብክለት እባጩ ይነጣል።

ሁለተኛው አቡጀዲ ነው። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ አፈሩ ሕያው ከሆነ ይበላዋል። ጨርቁ ንጹሕ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ከጠርዙ ክር መዛችሁ አቃጥሉ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ያለበት ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ይሠራል። አዲስ አቡጀዲ ስታርች ስላለበት በሳሙና ቀቅላችሁ አድርቁት፤ አለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ የታጠበውን ስታርች አፈሩ የበላው ጨርቅ ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። 10 በ20 ሴንቲ ሜትር እየቆረጣችሁ እያንዳንዱን መዝኑ፤ ክብደቱ ጥቂት ግራም ስለሚሆን የወጥ ቤት ሚዛን አይረዳም፣ የወርቅ ቤት ወይም የኦፓል ነጋዴ ሚዛን ግን ይበቃል። ናይለን ሲባጎ አስራችሁ በዶማ በተከፈተ ስንጥቅ ውስጥ ቁልቁል አቁሙት፣ አፈሩን በእግር ገጥሙት። 5 በተጠረጠረው ማሳ፣ 5 በንጹሑ፣ በአንድ ቀን። በክረምት 6 ሳምንት ይበቃል። ሲወጣ በሳህን ውኃ ላይ ቀስ ብላችሁ አንሳፉት፤ ዋልካ ካልተለቀለቀ ክብደት ይጨምርና ውጤቱን ያበላሻል። ከዚያ አድርቃችሁ እንደገና መዝኑት። በንጹሑ ማሳ ግማሹ ተበልቶ በተጠረጠረው ሙሉውን ወጥቶ ካገኛችሁት ፒኤቹ ምንም ይበል፣ አንድ ነገር አለ።

ለላቦራቶሪ ናሙና ሲወሰድ ማሳውን በአንድ ድምር አትቀላቅሉት። ብክለቱ የሚገባው በመስኖው ወይም በጎርፉ አፍ ነው፤ አፉን፣ መሀሉንና ጫፉን ለየብቻ፣ ከእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ቦታ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሰብስቡ። ባልዲው ፕላስቲክ ይሁን፤ የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ያራግፋል። የማዳበሪያ ኬሻም አይሆንም፤ ፎስፌት ማዳበሪያ ካድሚየምና ዚንክ ይዞ ይመጣል። ለብረት ምርመራ የሚሄደው በጥላ ይድረቅ። ለደቂቅ ዘአካላት የሚሄደው ግን ሳይደርቅ፣ በበረዶ ሳጥን፣ በቀናት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የከረመ አፈር የሚናገረው ስለ ፀሐዩ ነው።

ኖራው ለምን ይከሽፋል

በአገራችን የተለመደው የኖራ ቀመር የሚነሣው በአፈሩ ውስጥ አሁን ካለው ተለዋዋጭ አሲድ፣ ማለትም በሸክላው ቅንጣቶች ላይ ከተያዘው ነው። አሲዱ በኪሎ አፈር 2 ሴንቲ ሞል (የላቦራቶሪ መለኪያ ነው)፣ የአፈሩ እፍጋት 1.2፣ የሚታረሰው ጥልቀት 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለሄክታር 1,800 ኪሎ ይወጣል፤ ለሰብሉ ታስቦ በ1.5 ሲባዛ 2,700 ኪሎ፣ 27 ኩንታል። ለተራ አሲዳማ አፈር ጥሩ ነው። ከክምር ለወረደ ደለል ግን ገና ያልተወለደውን አሲድ አይቆጥርም። ሒሳቡን እንሥራው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ደለል በአንድ ሄክታር ላይ 500 ሜትር ኩብ ነው፣ እፍጋቱ 1.4 ቢሆን 700 ቶን። በውስጡ 1 በመቶ የፓይራይት ድኝ ካለ 7 ቶን ድኝ ነው፤ በ3.125 ሲባዛ 21,875 ኪሎ፣ ወደ 219 ኩንታል ኖራ። ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 55 ኩንታል መሆኑ ነው። 27 የበተነ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ይደሰታል፣ በሚቀጥለው በልግ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ «ኖራ አይሠራም» ብሎም ይተወዋል። ዋልካው ፒኤቹ 6.8 ከሆነ ደግሞ ቀመሩ ዜሮ ይሰጣል፤ ዜሮው ትክክል የሚሆነው ሌላ ደለል ካልመጣ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ውኃው። ከክምሩ በላይ የንጹሑን ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ተዳፋት ይቀደዳል፤ ወደ ክምሩ ያልገባ ውኃ አሲድ አይሆንም። ከክምሩ በታች ያለው ሌላ ቦይ የቆሸሸውን ወደ ኩሬ ይወስዳል። ማሳ ላይ የወረደ ደለል በበጋ፣ ደርቆ ሳለ፣ ተፍቆ ይነሣል። በማረሻ መገልበጥ ትልቁ ጥፋት ነው፤ አየር ያስገባለታል፣ ከ5 ሴንቲ ሜትሩም 15 ሴንቲ ሜትር የተበከለ አፈር ይሠራል።

ክምሩን በዋልካ መሸፈን ለሰው ሁሉ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ በእጅ ያለው አፈር እሱ ነውና። በበጋ ሲሰነጠቅ ግን አየሩና የበልጉ ዝናብ በቀጥታ ወደ ፓይራይቱ ይወርዳሉ። ቀድሞ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ሻካራ ጠጠር ቢነጠፍ ጨዋማው ውኃ ወደ ላይ እንዳይሳብ ያቋርጠዋል፤ በላዩ ላይ የማይሰነጠቅ አፈር 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ከዚያ ሣር። ክምሩ ከሞቀና ድኝ ድኝ ከሸተተ ከሰሉ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ነው፤ ሳይጠቀጠቅና አየሩ ሳይዘጋ ሽፋኑ ይሰምጣል።

የኖራው ዓይነትም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከ0.25 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈው በዓመቱ ይሠራል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ድንጋይ ሆኖ ይቀራል፣ ብረት ባለበት ውኃ ውስጥ ደግሞ ዝገት ለብሶ ጨርሶ ይደነዝዛል። በቦይ ውስጥ የኖራ ድንጋይ ደርድሮ ውኃው ይጸዳል ብሎ መጠበቅ በዚህ ይከሽፋል። የግድግዳ ቀለም የሚሆነው፣ ተቃጥሎ በውኃ የበረደው ኖራ በኪሎ ሲታይ የበለጠ ኃይል አለው፣ 74 ኪሎው የ100 ኪሎ የእርሻ ኖራ ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን የነካውን ቦታ ፒኤች ወደ 12 ያዘልለዋል። የተረፈውን ባክቴሪያ ደግሞ እኛው እንጨርሰዋለን። የባሕር ዛፍ አመድ ይረዳል፤ ኃይሉ ከኖራው ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ ለጓሮ እንጂ ለሄክታር አይበቃም።

ፒኤቹ ከተያዘ በኋላ ነው ተሕዋሲውን መመለስ የሚቻለው። ለሄክታር ከ80 እስከ 100 ኩንታል ኮምፖስት ጥሩ መጠን ነው፤ መዳቡንና እርሳሱን ያስራል፣ ለባክቴሪያውም ቀለብ ይሆናል። በዚህ ላይ ሳልዋሽ ልናገር፤ ኩበት ማገዶ በሆነበት ደጋ 100 ኩንታል ማለት ቅንጦት ነው። ካልሞላ አንድ ጥማድ በ25 ኩንታል በደንብ ማከም አራቱን ጥማድ በቁንጥር ከመርጨት ይሻላል። ጥሬ ፍግ ከመዝሪያው ከአንድ ወር በፊት ይግባ፤ ውኃ በቆመበት ዋልካ ላይ ጥሬ ፍግ አየሩን ጨርሶ አርሴኒኩን የሚፈታ ባክቴሪያ ይቀልባል።

ሕያው ማዳበሪያው፣ ማለትም ራይዞቢየም ያለበት ዱቄት፣ ለባቄላ ለሄክታር 500 ግራም ነው። ዘሩ በስኳር ውኃ በቀላሉ ይረስ፣ ዱቄቱ በጥላ ይለወስ፣ በዚያው ጠዋት ይዘራ፤ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት የቆየ ዘር ባዶ ዘር ነው፣ ከማዳበሪያ ጋር በአንድ ጆንያ የተቀላቀለም እንዲሁ። ብረት በሚሟሟበት አፈር ላይ የገባው ባክቴሪያ ከአንድ ክረምት ስለማያልፍ ዝገት በቦዩ ላይ ገና እየታየ መጨመሩ ዋጋ የለውም። በመስከረም 10 ተክል ቆፍራችሁ ምላጩን እንደገና አንሡ። እባጩ ሮዝ ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ማዳበሪያው አንድ መደብ ሞክሩ። ነጭ ከሆነ ወደ ቦዩ ተመለሱ፤ የሆነ ቦታ አፍስሷል።